የቁጥር አሥራ ሰባት የዘር ሐረግ

አርብ ገበያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ቀለመወርቅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሾፌሩ ካሳ ባለፈው ዓርብ ገበያ መሃል ፈልጎ ሰጠኝ። «መምህርት ባዩሽ ረታ እርስዎ ነዎት?» ሲለኝ መርዶ የመጣ መስሎኝ ነበር። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ ብዬ አላስብም። ለነገሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም እንዴት እንደሆነብን ያውቃሉ፤ ደግ አደረጉ።

ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። አዎ፣ መካኒክ ረታ አባቴ ነው። አዎ፣ ቀይዋን መኪና አውቃታለሁ። ጣሪያ አልነበራትም፤ ወንበሯ ሁለት ነው፤ ከመሬት ከፍታዋ ከጉልበት አያልፍም። ፊታውራሪ ቢሻው በ1959 ከአስመራ ጣሊያን ገዝተው ሲያመጧት ከደብረ ታቦር ወዲህ ለእንዲህ ያለች መኪና የሚሆን መንገድ ስላልነበረ በስምንት በሬ አስጎተቷት። የእሽቅድምድም መኪና በበሬ ተጎትታ ጋይንት ስትገባ ያስቡት! እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ብሆንም እናቴ ሳቋን ሳትጨርስ ስለሞተች ታሪኩን ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ። በኋላማ መኸር ገብቶ ሜዳው ሲራቆት አባቴ ሦስት ዙር ይነዳታል፤ ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው ያያሉ፤ ሰውም ከብትም ይሸሻል። አባቴ የስማዳ ሰው ነው። ጎንደር ከጣሊያን ጋራዥ ሙያ ተምሮ ፊታውራሪ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። በ1967 መሬቱ ሲወረስ መኪናዋ ጠፋች። ፊታውራሪ በረሃ ገብተው እዚያው ቀሩ። ቤተሰባቸው አውጫጭኝ አስጠራ። እርስዎ የእስቴ ልጅ ነኝ ብለውኛልና ያውቁታል፤ አገሩ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሌባው ስም እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። በሦስተኛው ቀን የአባቴ ስም ወጣ። ተነሥቶ «አልሸጥኋትም። የት እንዳለች ግን አልናገርም፤ ምያለሁ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። ቄሱ ገዘቱት። በ1969 ያለ ቁርባን፣ ያለ ፍትሐት ሞተ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ግራር ሥር ተቀበረ። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ስቆርብ በዚያ ግራር አጠገብ አልፌ ነው የምገባው።

የዛሬው የደብሩ አለቃ መሪጌታ ቻላቸው፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። «መኪናዋ አለመሸጧን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለው ወረቀት ካመጣሽ ግዝቱን እንፈታለን፤ አፅሙንም ወደ ውስጥ እናፈልሳለን» ብለውኛል። እንግዲህ እርስዎ የአንዲት መኪና ማንነት ፈልገው ጻፉልኝ። እኔ የምፈልገው የአባቴን ነው። እረዳዎታለሁ፤ ይርዱኝ።

አክባሪዎ
ባዩሽ ረታ (ጡረተኛ መምህርት)


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ባዩሽ

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። በመጀመሪያ አንድ ልመና አለኝ፤ እናቴ ብትኖር የእርስዎ እኩያ ነበረች፤ «እርስዎ» ሲሉኝ አፈርኩ። «አንተ» ይበሉኝ።

በካሳ በኩል በቃል የላኩብኝን ጥያቄ ልመልስ። ሥራዬ እውነተኛ ሥራ ነው፤ አይሳቁ። ለድሮ የእሽቅድምድም መኪኖች የዘር ሐረግ እቆጥራለሁ። እነዚህ መኪኖች ዛሬ በውጭ አገር ከቤትም ከመሬትም ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ይዋሽባቸዋል። ቦዲያቸው በሌላ ተተክቷል። ሞተራቸው ከአንድ ውድድር ወደ ሌላው ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። የድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች ደግሞ በአንድ የጉምሩክ ወረቀት ሁለት መኪና ለማሳለፍ የቁጥር ሰሌዳ ከአንዷ ነቅለው ሌላዋ ላይ ይመቱ ነበር። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» እንዳለችው በቅሎ ናቸው። የማይዋሸው ሻንሲው ነው። መኪናዋን የሚሸከመው ዋናው ብረት ላይ ቁጥሩ ተመትቷል፤ እሱን ያገኘ መኪናዋን አገኘ።

የፊታውራሪዋ መኪና ቱሪን ከተማ አንድ ትንሽ ጋራዥ ከሠራቸው ሃያ ሦስት መኪኖች አንዷ ናት። የሃያ ሁለቱ መጨረሻ ይታወቃል። ቁጥር አሥራ ሰባት አስመራ ላይ ሁለት ጊዜ ተወዳድራ፣ ለፊታውራሪ ቢሻው ተሸጣ፣ ከዚያ ትጠፋለች። ከ1967 በኋላ አንድ መስመር እንኳ የለም።

ብረቱ ከተገኘ የሚያደርጉት ቀላል ነው። ቁጥሩን በጨርቅ ያጽዱ፤ ነጭ ወረቀት ያስደግፉበት፤ በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ያሹት። ቁጥሩ ራሱ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያንን ከላኩልኝ፣ መኪናዋ ከጋይንት አለመውጣቷን የሚመሰክር ማኅተም ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ። የእስቴ ልጅ ቃሉን አያጥፍም።

የሚከፍለኝ አንድ አውሮጳዊ ሰብሳቢ ነው። የእሱን ነገር በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እስከዚያው ከዚያች መኪና አንድም ነገር፣ ብሎንም ቢሆን፣ ወረቀትም ቢሆን፣ የቀረ እንዳለ ይፈልጉልኝ።

ልጅዎ
ቀለመወርቅ


አርብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለቀለመወርቅ

እንደምን ከረምክ? ልጄ ካልክ ልጄ ነህ፤ በኋላ ግን ቁጣዬን አትችለውም፤ ተማሪዎቼን ጠይቅ።

ብሎን እንኳ ቢሆን ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከብሎን የሚበልጥ ነገር ለሠላሳ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ በመዶሻ ስደበድብ ኖሬአለሁ! የትምህርት ቤታችን ደወል ቸርኬ ነው። በየትም ትምህርት ቤት ደወሉ የመኪና ቸርኬ ስለሆነ ትኩር ብሎ ያየው የለም። ደብዳቤህ ከደረሰ በኋላ ሄጄ አየሁት። እንደ ብስክሌት ሽቦ የነበረው ነው፤ ሽቦው ረግፎ የሽቦው ቀዳዳ ብቻ ዙሪያውን ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቸርኬ የነበራት መኪና በዚህ አገር አንዲት ብቻ ነበረች። የድሮውን የንብረት መዝገብ አገላበጥኩ። «1970 ዓ.ም.፣ ደወል አንድ፣ ከፊታውራሪ ቢሻው ቤት የተበረከተ» ይላል።

እስቲ አስበው። መኪናዋን አባቴ በ1967 ሸጧት ከሆነ፣ ቸርኬዋ በ1970 ከፊታውራሪ ቤት ምን ሲል ወጣ? መዝገቡን ለመሪጌታ አሳየኋቸው። «ቸርኬ መኪና አይደለም፤ ግን በርቺ» አሉኝ።

ወረቀት አለ ወይ ላልከኝም አለ፤ ባይኖር ይሻለኝ ነበር። ፎቶ ኮፒውን ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። በ1998 የተጻፈ የእርቅ ውል ነው። ታላቅ ወንድሜ እሱባለው ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ አራሽ ነው። ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ «የሌባ ዘር፣ የውጉዝ ዘር» ተብለው የሚያገባቸው ጠፋ። ስለዚህ ከፊታውራሪ ቤተሰብ ጋር ልታረቅ አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመህ «አባቴ በድሏል፣ እኔም በድያለሁ» በል አሉት። አለ። አንዲት ጊደር ካሳ ሰጠ። እነሱም «ከእንግዲህ በመኪናዋ ጉዳይ አንጠይቅም» ብለው በጣት አሻራ ፈረሙ። እኔ ያን ዕለት ሰደብኩት። «እታለም፣» አለኝ፣ «ሙት አይወቀስም፤ ልጆቼ ግን ቆመው ሊቀሩ ነው። ቃል እኮ ነው፣ ይለፍ።» ልጆቹ ተዳሩ። በሕያዋኑ ላይ የነበረው ቀረ፤ ሙት ግን አይናዘዝምና አባቴ እዚያው ግራሩ ሥር ቀረ።

አንተ ይህን ስታነብ እንዴት እንደሚነበብ ታውቃለህ። ድንጋይ ነገር ለማብረድ ነው የሚሸከሙት። የላክሁልህም አንዳች እንዳልደበቅሁህ እንድታውቅ ብቻ ነው።

ባዩሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ባዩሽ

እንደምን አሉልኝ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መንገዱም እኔም ታመን ነበር።

የቸርኬውን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ። ይበርቱ። ቸርኬው ከዚያ ቤት ከወጣ ሻንሲውም ከዚያ ቤት ርቆ አልሄደም። የእርቁን ውል ደጋግሜ አነበብኩት። እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ዋናውን፣ አሻራ ያለበትን፣ ቢልኩልኝ ለጉዳያችን ይበጃል።

በካሳ በኩል «ሰውየው ለምን ይህን ያህል ይጓጓል?» ላሉት፣ እውነቱን ልንገርዎ። ደንበኛዬ ቁጥር አሥራ ሰባት የምትባል መኪና ቀድሞውኑ አለችው። አስመራ የተገኘ አሮጌ ሞተርና የቁጥር ሰሌዳ ላይ አዲስ ቦዲ ተሠርቶ የተሸጠችለት ናት። ሻንሲዋ ግን ቁጥር የለውም። ስለዚህ እሱም ያቺ መኪና እውነተኛዋ ትሁን አትሁን ማወቅ ይፈልጋል። አይስጉ። እውነቱ ሲወጣ ለሁላችንም ይጠቅማል።

እስኪገኝ ድረስ ነገሩን ለማንም አያውሩ።

ቀለመወርቅ


አርብ ገበያ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቀለመወርቅ፣ እልል በል!

ሰላምታውን በኋላ። ተገኘች! ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው፤ እንዳታጥፈው። 0 1 7 ይላል። ጥግ ላይ የተቀደደው ወርጄ ልይዘው ስል ጉልበቴ ከድቶኝ ነው።

እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርህ። የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ይርጋ ወረዳው ውስጥ ባለሙያ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት። «የአያትህን የእህል ቤት አሳየኝ፣ የቆየ ነገር እጽፋለሁ» አልኩት። ያ ቤት ቁልፉ ከፊታውራሪ እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ አባቴ እንኳ ያለ እሳቸው አይገባበትም። ገባሁ። ቀና ስል ጣሪያውን የተሸከሙት ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ጥላሸት በልቷቸው እንጨት መስለዋል። መሰላል አስመጥቼ ወጣሁ። ይርጋ «እረ መምህርት፣ ይወድቃሉ!» እያለ ከታች ይጮሃል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት። ወረቀቱን አስደግፌ በእርሳስ ሳሸው መጀመሪያ ዜሮው፣ ቀጥሎ አንዱ ወጣ። ሰባቱ ሲወጣ እዚያው መሰላሉ ላይ «አባዬ» አልኩ፤ እንደ ሕፃን።

ገባህ አይደል? ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው መንግሥት እንዳይወርሳት አስፈትተው ያስደበቋት። እንዳይናገርም አባቴን አስምለውታል። እሳቸው በረሃ ሞቱ፤ ከመሐላው የሚፈታው ሰው ጠፋ። «ምያለሁ» ያለው ለዚህ ነበር። በሌላ ቤት ጣሪያ ሥር ያለ ብረት ሲጠየቅበት፣ ሲሰደብበት፣ ሲገዘትበት ሁለት ዓመት ዝም አለ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ጥግ የሸጣት ይሆን ብዬ የጠረጠርኩበት ቀን ነበር።

ዋናውን የእርቅ ውልም ልኬልሃለሁ። እሱባለው ከሣጥኑ ሲያወጣው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይልቀቀን እንግዲህ» አለ። አሁን የቀረህ ማኅተሙ ነው። ቶሎ በል፤ እኔ ቸኩያለሁ፣ አባቴ ግን ከአርባ ሰባት ዓመት ወዲህ አልቸኮለም።

እናትህ ባዩሽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ባዩሽ

እንደምን ከረሙ? ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ዝምታዬን እንደ ክፋት አይቁጠሩብኝ፤ ሥራው በዝቶብኝ፣ ሰውየውም ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ቱሪን ሄጄ ነበር።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ቁጥር ሰባት የተመታበት ቅርጽ ጋራዡ ይጠቀምበት ከነበረው የብረት ፊደል ጋር አንድ ነው። አገኟት፣ እትዬ።

ብረቱን ጭኖ ስለሄደው ፒክአፕና ስለ ሰዎቹ የጠየቁኝ ነው የከበደኝ። አዎ፣ አውቃቸዋለሁ። ብረቱን ከይርጋ ገዝተው ያወጡት ለጥንቃቄ ነው፤ አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ እዚያ መቆየቱ አስተማማኝ አልነበረም። አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር። «ይርጋ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም» ማለትዎ አሳዝኖኛል፤ ወጣት ነው፣ ይተውት።

ሌላ የተሻሸ ወረቀት እንደሌለዎት ነግረውኛል፤ ግድ የለም፤ የላኩልኝ በእጄ በደህና ተቀምጧል።

ጽሑፉ በመዘጋጀት ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይረዱልኝ። በዚህ ሙያ የባለቤትነት ሐረግ ክፍተት አይወድም። ማን ለማን አስተላለፈ የሚለው አንድ ቦታ ከተበጠሰ መኪናዋ ስም አይኖራትም። ደንበኛዬም ይህን አጥብቆ ይጠይቃል። እኔ የምችለውን እያደረግሁ ነው። እስከ ጥቅምት በማኅተም ታሽጎ ይደርስዎታል።

ቀለመወርቅ


አርብ ገበያ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቀለመወርቅ

እንኳን ለዘመነ ማቴዎስ አደረሰህ። የሐምሌውን ደብዳቤህን ሳነብ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሐረግ፣ ክፍተት እያልክ ስታወራ የማላውቀው ሰው መሰልከኝ። ከዚያ ለራሴ፣ ባዩሽ፣ ልጁ ከፈረንጅ ጋር ውሎ ነው፣ አመሉ ይመለሳል አልኩ። ብረቱን መውሰዳቸው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። መሪጌታን ወስጄ ላሳያቸው ነበር።

ቀኑን ቆርጠናል፤ ኅዳር ሚካኤል። መሪጌታ አንድ ነገር አዝዘዋል። ፖስታው እንደታሸገ ደርሶ በሕዝቡ ፊት እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ ኋላ «እሷ ጻፈችው፣ እሷ ፋቀችው» እንዳይባል። እኔም እሺ ብያለሁ። እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው! አባቴን የከሰሰው ሕዝብ ፊት ለፊት ይስማ። ስለዚህ በማኅተም በደንብ አሽገው፤ ትርጉሙንም በአማርኛ ጨምርበት፤ እኔ እጄን አላስነካውም። የላከው ልጄ ምን እንደጻፈ አውቃለሁ።

እሱባለው ለአዲስ ጋቢ ጥጥ አስፈትሏል። ብትመጣ የመጀመሪያው አፈር ያንተ ነው። ካልሆነልህም አልቀየምም።

እናትህ ባዩሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ባዩሽ

ባለፈው ሳምንት የላክሁት ፖስታ ደርሶ ከሆነ፣ እባክዎ፣ ለመሪጌታ ሳይሰጡ ይክፈቱት። ገጽ አራትን ብቻዎን ያንብቡ። ከዚያ በኋላ መስጠት አለመስጠቱን እርስዎ ይወስኑ።

ሰውየው የእሱ መኪና የሐሰት ናት የሚል ጽሑፍ አልቀበልም አለኝ። ብረቱን ከራሱ መኪና ጋር አዋሕዶታል። አሁን እውነተኛዋ ቁጥር አሥራ ሰባት የእሱ ናት፤ ጋይንት የቀረ መኪና የለም። ማኅተሙ የእነዚህ መኪና ሰብሳቢዎች ማኅበር ነው፤ እነሱ ያልፈቀዱት ጽሑፍ ላይ አይመታም። እኔም እዚያ ሥራ ሊሰጡኝ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እትዬ። ብዙ ጊዜ ልጽፍልዎ ተነሥቼ ትቼዋለሁ።

ከፈቀዱልኝ ራሴ ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ እመጣለሁ። ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ቀለመወርቅ


አርብ ገበያ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ቀለመወርቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ነዎት? ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጀመር ስላልተማርኩ ነው፤ ሌላ ትርጉም አይስጡት።

ኅዳር 4 የጻፉት ኅዳር 15 ደረሰኝ። መንገዱ ተዘግቶ ካሳ ደብረ ታቦር ስድስት ቀን አድሯል፤ እሱን አይቀየሙት። ፖስታው ግን ከሚካኤል በፊት፣ አንድ ጥግ እንኳ ሳይጨማደድ ገብቶ ነበር።

ምን እንደሆነ ልጻፍልዎ፤ ጠይቀዋልና። እሱባለው ከስማዳ ሁለት ቀን በእግሩ መጣ። የሚካኤል ለት ማለዳ የአባቴን መቃብር ከፈትን። አፅሙን ነጭ አቡጀዲ ላይ ሰበሰብነው፤ አራት ሰው ተሸክሞ ቅጥሩ በር አደረሰው። ውስጥ አዲሱ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ በጎኑ ተቆልሏል። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ፖስታዎን ከፍ አድርገው «ማኅተሙ አልተነካም፣ እዩ» አሉ። ሕዝቡ አየ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ያለው ሁሉ ደስ ይል ነበር። ቱሪን አለ፣ አስመራ አለ፣ የፊታውራሪ ስም ሲጠራ ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ገጽ አራት መጣ። መሪጌታ ድምፃቸው ያምራል፤ ድርሳን እንደሚያነቡ አድርገው አነበቡት። «በ1967 ዓ.ም. መካኒኩ ረታ መኪናዋን ለሱዳን ነጋዴ ሸጣት። ጥፋቱ በ1998 ዓ.ም. በሻጩ ልጅ ታምኖ፣ የባለቤቱ ወራሾችም ካሳ ተቀብለው፣ በመኪናዋ ላይ ያላቸውን ጥያቄ ለዘለዓለም ትተዋል።» የእርቁ ውል ፎቶግራፍ፣ ከነአሻራው፣ አብሮ ታትሟል። ገጽ አምስት ላይ በእርሳስ ያሸሁት ወረቀት አለ። የተቀደደው ጥጉ ሳይቀር የእኔ ነው። ከሥሩ «ካርቱም የተገኘ» ይላል። ትርጉሙን ራስዎ ነዎት የጻፉት፤ አማርኛዎ እንከን የለውም።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሄዳችሁ የእህል ቤቱን እዩ!» አልኩ። ይርጋ ቤቱን አድሶታል፤ አዲስ የባሕር ዛፍ ወጋግራ ነው ያለው። ይርጋ እዚያው ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መሪጌታ አላዋረዱኝም። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ማኅተም አምጪ አልንሽ፣ አመጣሽ። አሁን ማኅተሙን እንካድልሽ?» አሉኝ። እኔ ራሴ ነኝ ሳልከፍት የሰጠኋቸው።

እሱባለው በቃሉ አባቱን ሁለተኛ የገደለ መስሎታል። እኔም መስሎኛል፤ እሱ ቃሉን ሰጠ፣ እኔ ወረቀቱን ሰጠሁ፣ እርስዎ ማኅተሙን መቱበት።

ፈረንጁን አልቀየምም። ድንጋይ ለምን እንደሚሸከሙ የት ያውቃል? እርስዎ ግን የእስቴ ልጅ ነዎት። ከመንደርዎ ስንት ንጹሕ ሰው ለሰላም ሲል ድንጋይ ተሸክሞ «በድያለሁ» እንዳለ ያውቃሉ። ያቺን ቃል ፈረንጅኛ ሲያደርጉ እጅዎ ምን አለ? ሐረጉ ክፍተት አይወድም ብለውኝ ነበር፤ ክፍተቱን በአባቴ ደፈኑት። ሦስት ልጆች አሉኝ ብለዋል። እግዜር ያሳድግልዎ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ የአባት ነገር ልጅን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ድንጋይ ተሸክሜ ልምጣ ላሉት፣ አይምጡ። እርስዎ ከመጡ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ «ይቅር በይ» ይሉኛል፤ ነገር ለማብረድ ስል ይቅር እላለሁ። እሱም ይጻፋል፤ እሱም አንድ ቀን ከሣጥን ወጥቶ ለአንድ ሰው ማስረጃ ይሆናል። አልፈልግም። በዚህ ነገር ላይ ከእኔ እጅ ሌላ ወረቀት አያገኙም፤ ይህም የመጨረሻው ነው።

አዲሱን ጉድጓድ እሱባለው ደፈነው። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱም አልቆየም። ስለዚህ አቡጀዲውን ቋጥሬ አባቴን ከቅጥሩ በር እስከ ግራሩ እኔው ተሸክሜ መለስኩት። ጉልበቴ ይከዳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከዳኝም። አባቴ አንድ ቁና ገብስ አያህልም።

ባዩሽ ረታ